ቤንዚን የምትበላ መኪና ይዞ መሃል አዲስ አበባ መኖር

ሐምሌ 2014 ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። ታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ላይ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ከዚያ ወዲህም የሄደው ወደ ላይ ነው። ደመወዝ በዚያ ፍጥነት እንዳልሮጠ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ያለን ምርጫ ወይ መኪናዋን ግቢ አቁሞ ማየት ነው፣ ወይ የምትጠጣውን መቀነስ። እኔ የማወራው ስለ ሁለተኛው ነው። ያውም ፒያሳ፣ ሜክሲኮ፣ ካሳንቺስ፣ አራት ኪሎ፣ ስታዲየም እያለ ለሚውል ሰው የሚሠራውን ብቻ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ነዳጅ የምንቆጥበው ለኪሳችን ብቻ አይደለም። የምናቃጥለው ቤንዚንና ናፍጣ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ በዶላር ነው የሚገዛው። አብዛኛው ጅቡቲ ወደብ ላይ ይራገፍና በቦቴ ተጭኖ፣ ቆላውን አቋርጦ፣ ዳገቱን ወጥቶ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው። ቦቴው ራሱ ናፍጣ እያቃጠለ ነው የሚያመጣልን። መድኃኒትና ማዳበሪያ የሚገዛበት ዶላርም የሚወጣው ከዚሁ ካዝና ነው። ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ሰልፍ ውስጥ ቆመን በከንቱ የምናቃጥለው ጠብታ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣ ነው። ይሄ ያንገበግበኛል።

መጀመሪያ ለኩ

"መኪናዬ በጣም ትበላለች" የሚል ሰው ሞልቷል። ስንት ትበላለች ስትሉት ግን "የሞላሁት ሳምንት አያደርሰኝም" ይላችኋል። ብርም ሆነ ሳምንት መለኪያ አይሆንም፤ ዋጋው ይቀየራል፣ የምንነዳውም ርቀት ይለያያል። መለኪያው አንድ ነው፦ በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች?

አለካኩ ከባድ አይደለም። ማደያ ግቡና ሙሉ አስሞሉ። ፓምፑ ራሱ ጠቅ ብሎ ሲያቆም በቃ በሉ፤ ቀጂው ሒሳቡን ለማስተካከል ብሎ እየጨመረ እንዳይሄድ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ዜሮ አድርጉ፣ ዜሮ የሚሆን ከሌላት ቁጥሩን በስልክ ፎቶ አንሱት። ከዚያ እንደ ወትሯችሁ ንዱ። ወደ ሩብ ስትወርድ ተመለሱና እንደገና ሙሉ አስሞሉ፣ ቢቻል እዚያው ማደያ፣ እዚያው ፓምፕ ላይ። የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር አሁን ለገባው ሊትር አካፍሉት። 360 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ 30 ሊትር ከገባ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ነው ማለት ነው።

በአንድ ሙሌት ብቻ አትደምድሙ። አንድ ሳምንት ዝናብ ይሆናል፣ አንድ ሳምንት መንገድ ይዘጋል። ሦስት አራት ሙሌት ሲጠራቀም ነው እውነተኛው ቁጥር የሚወጣው። ደግነቱ ከ2015 ጀምሮ ነዳጅ የምንከፍለው በቴሌብርና በመሰሎቹ ስለሆነ መዝገቡ ስልካችን ውስጥ ተቀምጧል። ሊትሩን ካልጻፋችሁት የከፈላችሁትን ብር ለዕለቱ የሊትር ዋጋ ማካፈል ነው፣ በቃ።

ይህን ቁጥር ሳይዙ ጋራዥ መሄድ ዋጋ የለውም። መካኒኩ "አሁን ቆንጆ ሆናለች" ሲላችሁ መሆኗን የምታውቁት በምንድነው?

ትልቋን መኪና ነው መንካት

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ብዙ ሰው የሚያልፈው አንድ ሒሳብ አለ፣ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡበት። ሁለት መኪና ያለበት ቤት እንውሰድ። አንዷ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ቪትዝ ናት፣ ሌላዋ በሊትር 5 የምትሄድ ትልቅ የቤንዚን ላንድክሩዘር። ሁለቱም በወር 700 ኪሎ ሜትር ይነዳሉ እንበል። ቪትዟ 58 ሊትር ገደማ ትጨርሳለች። ላንድክሩዘሯ 140።

አሁን እንቆጥብ። ቪትዟን በብዙ ልፋት ወደ 16 ብናደርሳት ወደ 44 ሊትር ትወርዳለች፣ የተረፈው 14 ሊትር ተኩል ነው። ላንድክሩዘሯን ግን ከ5 ወደ 7 ብቻ ብናሻሽላት 100 ሊትር ይበቃታል፣ 40 ሊትር ተረፈ! ከ12 ወደ 16 መዝለል ሲሰሙት ትልቅ ይመስላል፣ ከ5 ወደ 7 ደግሞ ምንም የማይመስል ነገር ነው፤ ሊትሩን ስታዩት ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ለዚህ ነው ሁለት መኪና ያላችሁ ሰዎች ስለ ትንሿ ብዙ አትጨነቁ የምለው። ትልቋን አሻሽሉ፣ ወይም ጉዞዋን ወደ ትንሿ አዙሩ። ከላይ ካለው 700 ኪሎ ሜትር ግማሹን በቪትዟ ብትሄዱት ከጋራዥ ምንም ሳትገዙ 40 ሊትር ቀርቶላችኋል።

ቪ8 ይዞ ከካሳንቺስ ኡራኤል ለስብሰባ የሚሄድ ሰውም ይሄ ይመለከተዋል። ብቻውን ነው፣ መንገዱ አስፋልት ነው፣ መኪናዋ ከሁለት ቶን ተኩል በላይ ትመዝናለች። ላንድክሩዘር ለአፋር በረሃ፣ ለባሌ ጭቃ፣ ለሰሜን ተራራ የተፈጠረች ጎበዝ መኪና ናት፣ ክብሯም እዚያ ነው። የመሥሪያ ቤት ስምሪት ላይ የምትሠሩ ካላችሁ በእጃችሁ ያለው ነገር ከማንኛችንም ይበልጣል። የከተማ ጉዞን በትንሽ መኪና መመደብ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ሦስት ሠራተኞችን በአንድ ማሳፈር፣ ስምሪት ወረቀቱ ላይ ኪሎ ሜትሩንና ሊትሩን ጎን ለጎን ማስጻፍ። የመጨረሻዋ ብቻዋን ብዙ ትሠራለች፤ እየተለካበት መሆኑን የሚያውቅ ሹፌር አነዳዱ ይለወጣል።

ስለ ነዳጅ ታክስና ድጎማ ትንሽ

ነዳጅ ላይ የሚጣል ነገር ሁሉ ሰውን ያናድዳል፣ ይገባኛል። የየካቲት 1966ን ታሪክ የማያውቅ የለም። የዓለም ነዳጅ ተወዶ እዚህም ዋጋ ሲጨመር የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ፣ የእነሱ ጥያቄ ከመምህራኑና ከተማሪው ጋር ተደመረ፣ መንግሥትም ዋጋውን መልሶ ዝቅ አደረገ። አብዮቱ ግን አልቆመም።

ቢሆንም እኔ የማምነውን ልናገር። ለሁሉም እኩል የሚሰጥ ድጎማ በብዛት የሚጠቅመው ትልቅ ታንከር ያለውን ነው። ሚኒባስ ላይ ተጋፍቶ የሚሄድ ሰው የሚደርሰው የሊትሩ ቁራጭ ነው፤ ቪ8 የሚያስሞላው ግን በአንድ ጊዜ ሰማንያ ዘጠና ሊትር ድጎማ ይዞ ይወጣል። ርካሹ ነዳጅ ድንበር ተሻግሮ እየተሸጠ መንግሥትን ሲያከስር መኖሩም ሌላ ጉዳይ ነው። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሳ ለሕዝብ ማመላለሻዎች የታለመ ድጎማ መጀመሩ በሐሳብ ደረጃ ትክክል ነበር። ዋናው ነገር ያ ገንዘብ ተሳፋሪው ኪስ መድረሱ ነው፣ ታሪፍ ሲወጣ ልንጠይቅ የሚገባንም እሱን ነው።

ታክስ አወጣጥ ላይ ከሌላው መማርም ጥሩ ነው። አሜሪካኖች ከ1973ቱ የነዳጅ ማዕቀብ በኋላ፣ በ1975 እ.ኤ.አ.፣ መኪና አምራቾች በጋሎን የሚኬደውን ርቀት እንዲጨምሩ ሕግ አወጡ። ነገር ግን ለቤት መኪና ጠበቅ አድርገው ለቀላል ጭነት መኪና ላላ አደረጉት። አምራቾቹም ቀስ በቀስ ወደ ግዙፍ ፒካፕና ወደ ትልልቅ የቤተሰብ ጂፕ ዞሩ፤ በወረቀት ጭነት መኪና ስለሆኑ። የፌዴራሉ የቤንዚን ታክስ ደግሞ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጋሎን 18.4 የአሜሪካ ሳንቲም ላይ ቆሞ ቀረ። ቤንዚን ርካሽ፣ መኪና ግዙፍ። ለእኔ ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ መኪናዋ ምን ተብላ እንደተመዘገበች ሳይሆን ስንት ሊትር እንዳቃጠለች ነው መታየት ያለበት። በሊትር ላይ የሚከፈል ክፍያ ይህን ያደርጋል፣ ያነሰ ያቃጠለ ያነሰ ይከፍላል። እኛም ጋ ከሊትሩ ለመንገድ ፈንድ የሚቆረጠው ለመንገድ ጥገና ነው የሚውለው።

ወደ ሥራችን እንመለስ።

የቀኝ እግር

ከተማ ውስጥ ትልቁ ብክነት ያለው እግር ላይ ነው። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር ቆም ሄድ በሚባልበት መንገድ ላይ በችኮላ መንዳት በአንድ ጋሎን የሚኬደውን ርቀት ከ10 እስከ 40 በመቶ ሊቀንሰው እንደሚችል ይናገራል። ይሄ ለማንም መካኒክ የማይከፈልበት ቁጠባ ነው። ነገሩ ቀላል ነው። ቤንዚን ሰጥታችሁ ያመጣችሁትን ፍጥነት ፍሬን በረገጣችሁ ቁጥር ወደ ሙቀት ቀይራችሁ ትጥሉታላችሁ። ስለዚህ ፍሬን የምትረግጡበትን ጊዜ ቀንሱ።

እንዴት? ራቅ አድርጋችሁ እዩ። ከፊታችሁ ያለውን መኪና መብራት ብቻ ሳይሆን ከእሱ ፊት ያሉትን ሦስት አራት መኪኖች። ከብሔራዊ ቴአትር ወደ ሜክሲኮ ስትመጡ መስመሩ መያዙ ከሩቅ ይታያል፤ ታዲያ እዚያ ለመቆም መጣደፍ ለምን? ከሩቁ እግራችሁን ከቤንዚን ላይ አንሱና መኪናዋ በራሷ ትድረስ። ሰከንድ የሚቆጥር መብራት ካለማ ሥራው ቀለለ። ቀዩ 40 ሰከንድ የቀረው ከሆነ ማንም አይቀድማችሁም፣ ቀስ ብላችሁ ብትደርሱ አረንጓዴ ላይ ሳትቆሙ ልታልፉ ትችላላችሁ። ከኋላ ክላክስ የሚያደርግ አይጠፋም። እሱም እዚያው መብራት ላይ ነው የሚቆመው።

ቁልቁለት ላይ ብዙ ሹፌር የሚያምነው ነገር አለ፦ ዜሮ ማርሽ ካደረግኩ ቤንዚን አትጠጣም የሚል። ከማዘጋጃ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ሲወርዱ፣ ከአራት ኪሎ በቤተ መንግሥቱና በሂልተን በኩል ወደ መስቀል አደባባይ ሲወርዱ፣ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርዱ ያደርጉታል። ኢንጀክተር ያላት፣ ማለትም ቤንዚኑ በኮምፒውተር ተመጥኖ የሚረጭባት መኪና ላይ ይሄ ትክክል አይደለም። ማርሽ ውስጥ ሆና እግራችሁን ከቤንዚን ስታነሱ ኮምፒውተሯ ቤንዚኑን ሙሉ በሙሉ ትዘጋዋለች፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። ዜሮ ስታደርጓት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ብላ ቤንዚን ማስገባት አለባት። ስለዚህ ዜሮ ማርሽ ያስጠጣል እንጂ አይቆጥብም። ካርቡራቶር ያላት፣ ማለትም ቤንዚንና አየር ያለ ኮምፒውተር የሚቀላቀልባት የድሮ መኪና ላይ ትንሽ ቢቆጥብም እንኳ አታድርጉት። በእንጦጦ ቁልቁለት በዜሮ መውረድ ማለት ሸክሙን ሁሉ ፍሬን ላይ መጣል ነው፣ ፍሬን ግሎ እንቢ ካለ ደግሞ ከታች ሰው አለ። አውቶማቲክ የያዛችሁም ዲ ላይ ተዉት፣ ቁልቁለቱ ከበረታ ዝቅ ያለ ማርሽ አስገቡ።

ዳገት ላይ ተቃራኒ ነገር አለ። ማርሽ የምትቀይሩ ከሆነ ሞተሩ እስኪንገጫገጭ ድረስ በከፍተኛ ማርሽ አታስጨንቁት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያጣል። አንድ ማርሽ ዝቅ አድርጎ በእርጋታ መውጣት ይሻላል።

ሞተር ሳያጠፉ መቆም፦ ትንሽ መኪና ሞተሯ ሳይጠፋ ስትቆም በሰዓት ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ታቃጥላለች፤ ትልቅ ሞተር ያላት ኤሲ ተከፍቶ እስከ 2 ሊትር ትደርሳለች። ልጅ ትምህርት ቤት በር ላይ ስትጠብቁ፣ ማደያ ሰልፍ ላይ፣ የመሪዎች አጀብ ሲያልፍ መንገድ ሲዘጋ አጥፉት። ከአንድ ደቂቃ በላይ የምትቆሙ ከመሰላችሁ ማጥፋቱ ያዋጣል። ባትሪዋ ወይም ሞተሪኖዋ የደከመባት መኪና ላይ ግን መጀመሪያ እሱን አሠሩ፣ መሃል ሜክሲኮ ላይ አልነሳ ካለች የሰው ሁሉ ቤንዚን ነው የሚቃጠለው።

ከፍታውና ጋራዡ

የአዲስ አበባ ከፍታ ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ጣጣ አለው። ካርቡራቶር ያላቸው እንደ ዲኤክስ ያሉ የድሮ ኮሮላዎች ሲሠሩ ቤንዚኑና አየሩ የተመጠነው ባሕር ዳርቻ ላለ አየር ነው። እዚህ ሲመጡ አየሩ ይቀንሳል፣ የሚገባው ቤንዚን ግን በዚያ ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ቤንዚን ይበዛባቸዋል፣ ሳይቃጠል ይወጣል። ምልክቱን ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ማርሚታው ጫፍ ላይ ጣታችሁን አድርጉ፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው ታዲያ። ጥቁር ደረቅ ጥላሸት በብዛት ከያዘ ቤንዚን በዝቷል። ጭሱ ወደ ጥቁር ካደላም ያው ነው። ሰማያዊ ከሆነ ግን ዘይት ነው የምታቃጥለው፣ ያ ሌላ በሽታ ነው።

ካርቡራቶር የሚያውቅ ጥሩ የድሮ መካኒክ ፈልጉ፣ አሁንም አሉ። ቤንዚን የሚያስገባው ቀዳዳ በትንሽ ቁጥር እንዲቀየርና ድብልቁ ለዚህ ከፍታ እንዲስተካከል ንገሩት። "አጥብበው" ብቻ አትበሉ፤ ከመጠን በላይ ከጠበበ ሞተሩ ይግላል፣ ቫልቭ ይበላል። አስተካክሎ ሲጨርስ ካንዴላዎቹን አውጥቶ ያሳያችሁ። ጫፋቸው ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ መልካም ነው፣ ጥቁር ከሆነ ገና ነው፣ ነጭ ከሆነ ደግሞ ጠቧል።

ኢንጀክተር ያላት መኪና ከፍታውን በሴንሰር ለክታ ራሷን ታስተካክላለች። የእሷ ችግር ሴንሰሩ ሲሞት ነው። የሞተር መብራት ዳሽቦርዱ ላይ በርቶ ለወራት የሚነዱ ሰዎች አሉ፤ "ትሄዳለች እኮ" ይላሉ። አዎ ትሄዳለች፣ ግን የኦክስጅን ሴንሰሩ ከሆነ የተበላሸው ቤንዚኗ በእጅጉ ሊጨምር ይችላል። በኮምፒውተር አስነብቡት። ሴንሰር በግምት እየተቀየረ ገንዘብ ከሚወጣ መጀመሪያ ኮዱ ይታይ፣ ከዚያ ሶኬቱና ሽቦው ይፈተሽ።

የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት በተመለከተ ደግሞ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። መኪና ሲግል አንዳንድ ጋራዥ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥለዋል። "እዚህ አገር አያስፈልግም" ይባላል። ያስፈልጋል! የአዲስ አበባ ጠዋት ብርድ ነው፣ ቴርሞስታት የሌላት መኪና የምትሞቀው በብዙ መዘግየት ነው፣ ያልሞቀ ሞተር ደግሞ ተጨማሪ ቤንዚን ይፈልጋል። የሙቀት መለኪያው ቀስት ሁልጊዜ ከግማሽ በታች እየዋለ ከሆነ ጠይቁ። ዕቃው ውድ አይደለም፣ ይመለስ። የሚግልበት ምክንያት ራዲያተር ወይም ፋን ከሆነም እሱ ይታከም።

ጎማ። ጎሚስታው ጋ ስትሄዱ ስንት እንደሚሞላ እናንተ ንገሩት እንጂ እሱ አይገምት። ቁጥሩ በሹፌሩ በር ክፈፍ ላይ ተለጥፏል፤ አብዛኛው ትንሽ መኪና ከ30 እስከ 33 ፒ.ኤስ.አይ. አካባቢ ነው። ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ በሁለት ሳምንት አንዴ። የሚያዝ ፍሬን ካለም የሚታወቀው እንዲህ ነው፦ ከነዳችሁ በኋላ የእጃችሁን ጀርባ ወደ ቸርኬዎቹ አስጠግታችሁ ሙቀታቸውን እዩ፣ አንደኛው ከሌሎቹ በጣም ከጋለ ያ ጎማ ታንቆ ነው የሚሄደው፣ ሞተሩም እሱን እየጎተተ ነው። የአየር ፊልትሮ፣ ካንዴላና ዘይት በጊዜያቸው ይቀየሩ። ዘይቱ መመሪያው የሚለው ውፍረት ይሁን፣ "ወፍራም ይሻላል" የሚለውን አትስሙ፣ ሞተሩ ካላረጀ በቀር።

ኮፈን ውስጥ የምትቀመጥ ማግኔት፣ ታንከር ውስጥ የምትጨመር ተአምረኛ ጠብታ፣ ሲጋራ መለኮሻ ላይ የምትሰካ ቆጣቢ መሣሪያ፦ አትግዙ። ቤንዚን ጠዋት በብርድ ከተቀዳ ይበዛል የሚባለውም የማደያው ታንከር መሬት ውስጥ ስለሆነ ይህ ነው የሚባል ለውጥ የለውም። ጠዋት አስር ደቂቃ አስነስቶ ማሞቅም አያስፈልግም፤ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁና በእርጋታ ንዱ፣ ሞተር ቶሎ የሚሞቀው እየሄደ ነው። ፖርቶ መጋላው ባዶውን ከሆነ አውርዱት። ኋላ ያለውን ኮተትም አራግፉ፣ 50 ኪሎ ተጨማሪ ዕቃ 1 በመቶ ገደማ ይወስዳል። ኤሲ መሃል ከተማ ውስጥ ብዙ ጊዜ አያስፈልገንም፣ አየራችን ምስጋና ይግባው።

በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን አትግዙ፣ እጥረት ሲወራም በጀሪካን ቤት አታስቀምጡ። የመጀመሪያው ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም፣ ሁለተኛው ቤት ያቃጥላል።

መኪናዋን የማትፈልጉበት ጉዞ

ቀዝቃዛ ሞተር በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ከማንኛውም ጊዜ በላይ ይጠጣል። ስለዚህ ሊትር በኪሎ ሜትር ቢሰላ ውዱ ጉዞ አጭሩ ነው። ከፒያሳ አራት ኪሎ፣ ከስታዲየም ለገሃር፣ ከካሳንቺስ ኡራኤል በእግር የሚያልቁ መንገዶች ናቸው። የኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዱን አስፍቶታል፣ ዛፍም መብራትም አለው፤ ሌላው ላይ የሚነሳ ቅሬታ ቢኖርም ይሄኛው ጥቅም እግር ላይ ነውና እንጠቀምበት። መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ሦስቴ ከመዞርም መስቀል አደባባይ ከመሬት በታች ያለው ማቆሚያ አስገብቶ በዚያው ስታዲየምንና ለገሃርን በእግር መጨረስ ይቀላል። ቀጠሮዎቻችሁንም በአንድ ወገን አድርጓቸው፦ ባንኩ፣ ክፍለ ከተማው፣ መድኃኒት ቤቱ በአንድ ዙር፣ ሞተሩ እንደሞቀ።

ከአያት፣ ከመገናኛ፣ ከጦር ኃይሎች፣ ከቃሊቲ መስመር ለምትመጡ ቀላል ባቡሩ አለ። ይጨናነቃል፣ አዎ። ግን ከሰዓቱ ትንሽ ቀደም ወይም ዘግየት ማለት ከቻላችሁ በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ መጠቀም የወሩን ሊትር በደንብ ይቀንሰዋል። የመሥሪያ ቤት ሰዓት ማሸጋሸግ የሚፈቅድላችሁ አለቃ ካለ ጠይቁት፦ ጠዋት 1 ሰዓት ከሩብ ሜክሲኮ የሚያልፍ ሰውና 2 ሰዓት ላይ የሚያልፍ ሰው አንድ ዓይነት ቤንዚን አያቃጥሉም። ጎረቤት ወደ እናንተ አቅጣጫ የሚሄድ ከሆነም አብራችሁ ሂዱ፣ ቤንዚኑን በየሳምንቱ እየተፈራረቃችሁ ሙሉ። ገንዘብ ከመቀባበል ይሄ ይሻላል፣ ፍቅርም አይበላሽም።

ቀጣዩን መኪና ስትገዙ

በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አዲስ መኪና ላይ በሞተሩ መጠን (በሲሲ) እየለየ እስከ 1,300 ሲሲ 5 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ ጣለ። ያገለገለች ስትሆን ደግሞ እንደ ዕድሜዋና እንደ ሞተሯ እያደገ እስከ 500 በመቶ ደረሰ። በ2016 ደግሞ መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት እንዲቆም ወሰነ። ስለዚህ የምትገዟት የቤንዚን መኪና ምናልባት እዚሁ የምትዞር ያገለገለች ናት። ሊብሬው ላይ ሲሲውን እዩ። ለመሃል ከተማ 1,000 ወይም 1,300 ሲሲ ይበቃል፣ ሰው ይድረስብኝ አይድረስብኝ የሚለውን ወደ ጎን ትታችሁ። ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ሙሉ አስሞልተን እንለካ በሉት፤ ቢያንስ አንድ ቀን ከፒያሳ እስከ ሳሪስ ደርሳችሁ ተመለሱባትና ሊትሩን እዩ። "በሊትር 18 ትሄዳለች" የሚል ደላላ ቁጥሩን ለማየት ፈቃደኛ ካልሆነ መልሱን ሰጥቷችኋል።

የኤሌክትሪክ መኪና አቅም ካላችሁ መሃል አዲስ አበባ ለሱ የተመቸ ቦታ ነው። ጉዞው አጭር ነው፣ ቆሞ መጠበቅ አያስጨንቃትም፣ ቸርችልን ስትወርድ ባትሪዋን መልሳ ትሞላለች። መብራታችንም በአብዛኛው ከውኃ ነው የሚመነጨው። ሙሉ በሙሉ ተገጣጥማ የምትገባዋ የጉምሩክ ቀረጥ 15 በመቶ ነው፣ እዚህ ለሚገጣጠሙት ደግሞ ይቀንሳል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ቻርጅ የምታደርጉበትን ጨርሱ። ግቢ ያለው ሰው በኤሌክትሪክ ባለሙያ የቤቱን ዋና መስመርና ብሬከር ያስፈትሽ፣ የድሮ ቤት ሽቦ ሌሊቱን ሙሉ ያን ጭነት ላይችል ይችላል። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ ለብሎኩ ኮሚቴ ቀድማችሁ አመልክቱ፦ መስመሩ ከራሳችሁ ቆጣሪ እንዲወጣ፣ ገመዱ የእግረኛ መንገድ ላይ እንዳይጎተት፣ ማቆሚያ ቦታችሁም በጽሑፍ እንዲታወቅ።